ሳይሸተኝ ያሞገስኩት ወይን

ለታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፣

እንዴት ከርመሻል እትዬ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽ አሁንም ልብስ ስታጥቢ ይይዝሻል ወይስ መርፌው አሻለሽ? እማዬስ እንዴት ናት? አዲሱን መነጽሯን ታደርገዋለች ወይስ «እንግዳ ሲመጣ ነው» እያለች መሳቢያ ውስጥ ቆልፋበታለች? ባለቤትሽ ጋሼስ ከፈረቃ ወደ ቀን ሥራ ተዛወረ? ትልቋ ልጅሽ ፈተናዋን እንዴት አደረገችው? መንትዮቹ አሁንም በአንድ ብርድ ልብስ ይጓተታሉ? ሁላችሁንም በዓይኔ ላይ እያዞርኩ ነው የምጽፍልሽ፤ አንቺ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመሽ፣ እማዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ።

እኔ አለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «እኔ በጣም ደህና ነኝ፣ ሐሳብ አይግባችሁ» ብዬ ነበር የምቀጥለው። ዛሬ ግን «አለሁ» ይበቃል። እስከ መጨረሻው ስታነቢው ምክንያቱ ይገባሻል።

በመጀመሪያ ይቅርታሽን እለምናለሁ። ሁለት ወር ሙሉ በደወልሽ ቁጥር «ሥራ ላይ ነኝ፣ መልሼ እደውላለሁ» እያልኩ የዘጋሁብሽ ንቄሽ ወይም ረስቼሽ አይደለም። ድምፄ ያሳብቅብኛል ብዬ ፈርቼ ነው። አንቺ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ «አቤት» ስል ብቻ ምን እንዳጠፋሁ የምታውቂ ሰው ነሽ። ወረቀት ይሻላል ብዬ ዛሬ የዕረፍት ቀኔ ስለሆነ ልብስ የምተኩስበትን ጠረጴዛ መስኮቱ አጠገብ አስጠግቼ ተቀመጥኩ። ከታች ያለው የልብስ ማጠቢያ ቤት ማሽኖች ወለሉን ያንቀጠቅጡታል፤ ፊደሌ ጠመም ካለብሽ የእነሱ ጥፋት ነው።

ለጎረቤቱ ሁሉ «እህቴ ወይን እየቀመሰች ነው የምትኖረው» እያልሽ እንደምታወሪ ትልቋ ልጅሽ ነግራኛለች። አልተቀየምኩሽም፤ እኔም ብሆን እንደዚያ እያስመሰልኩ ነው የጻፍኩልሽ። እውነቱን ልንገርሽ። ጠዋት ከትልቁ ሰዓት ሥር፣ አደባባዩ ላይ፣ የድርጅታችን ስም ያለበትን ሰሌዳ ይዤ እቆማለሁ። አሥራ ሁለት እንግዶች ይመጣሉ፤ አንዱ ሁልጊዜ ይዘገያል። ሚኒባሱ ላይ አስገብቼ፣ ማይኩን ይዤ ከከተማው አውጥቼ ወደ ኮረብታው እወስዳቸዋለሁ። ሦስት የወይን እርሻ እናያለን። በእያንዳንዱ ቦታ ምድር ቤት እንወርዳለን፣ በርሜል እናያለን፣ እንወጣለን፣ ቅምሻ እናደርጋለን። እኔ አሸትቼ፣ አፌ ውስጥ አንከባልዬ፣ ባልዲው ላይ እተፋና «ይሄ ይሄን ይሸታል፣ ያ ያንን ይላል» እያልኩ አስረዳቸዋለሁ። እነሱ ግን አይተፉም። ጠዋት ስሜን እንኳ ያልጠየቀኝ ሰው ወደ ማታ ሲሆን «እህቴ» እያለ ትከሻዬ ላይ ይተኛል። ከአንዱ ጋር እየዘፈንኩ፣ ለሚያስመልሰው ላስቲክ እያቀበልኩ፣ የጠፋ ሻርፕ እየፈለግኩ ወደ ከተማ እመልሳቸዋለሁ። ቤቴ ስገባ እግሬን ከጫማው የሚያወጣልኝ ሰው ባገኝ እላለሁ። እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ በሳምንት ስድስት ቀን እንዲህ ነበር።

እዚህ ሥራ ላይ እንዴት እንደደረስኩ በወጉ ነግሬሽ አላውቅም። እንደመጣሁ አንዱ የወይን እርሻ ውስጥ ብርጭቆ አጣቢ ነበርኩ። አራት ዓመት ሙሉ ሌሎች የጠጡበትን ብርጭቆ አጠብኩ። አንድ ቀን የወይን መጋዘኑ ኃላፊ፣ ሽበታም ሽማግሌ፣ ከኋላዬ ቆሞ ብርጭቆዎቹን ከማጠቤ በፊት በየዓይነታቸው ስለያቸው አየኝ። ለምን እንደምለያቸው ጠየቀኝ። የትኛው ከየትኛው በርሜል እንደተቀዳ ለማወቅ እያሸተትኩ የምጫወት መሆኔን አፍሬ ነገርኩት። ሰባት ባዶ ብርጭቆ ደርድሮ ፈተነኝ፤ ስድስቱን አወቅኩ። «ይሄ አፍንጫ ሳሙና ላይ መዋል የለበትም» ብሎ እሱ ነው ከማጠቢያው ያወጣኝና ትምህርት ያስገባኝ። ነፍሱን ይማረው፤ አሁን የለም። እንግዲህ እንጀራዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአፍንጫዬ ነው።

እትዬ፣ አፍንጫዬ ጠፋ። ፊቴ ላይ አለ፤ ሥራውን ግን አቆመ።

ከአራት ወር በፊት ኃይለኛ ጉንፋን ይዞኝ አምስት ቀን ተኛሁ። ድኜ ሥራ ከመመለሴ አንድ ቀን በፊት ሽንኩርት ምድጃ ላይ ጥጄ ጋዜጣ ሳነብ ጎረቤቴ በሩን ሊሰብረው ደረሰ። ዞር ስል ቤቱ በጭስ ጠቁሯል፤ ሽንኩርቱ ከሰል ሆኗል። አንድም ነገር አልሸተተኝም። ያን ቀን ጉንፋኑ ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። በሳምንቱም ያው ነው። የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ረጅም ቀጭን ነገር አስገብቶ አየና በመልክ ምንም እንዳልጎዳው፣ ሽታ የሚወስደው ነርቭ ግን በጉንፋኑ እንደተመታ ነገረኝ። መቼ እንደሚመለስ ስጠይቀው «በወራት ሊመለስ ይችላል፣ በዓመት ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል» አለኝ። እንዲህ ያለውን መልስ እኔም መስጠት እችል ነበር።

የሚገርምሽ ምግቡ አይደለም። ምግብ ዝም ብሎ ትኩስና ቀዝቃዛ፣ ጨውና ስኳር ሆነ፤ ተለመደ። የከበደኝ የራሴን ሰውነት አለማወቄ ነው። ሸሚዜን ሁለት ጊዜ አጥባለሁ። ሰው አጠገቤ ሲቀመጥ እሰጋለሁ። ከዚያ ደግሞ እማዬ የሠራችልኝ ሰማያዊ ሹራብ አለ፤ ከመጣሁ ጀምሮ አንድም ቀን ሳላጥበው በላስቲክ ጠቅልዬ ያስቀመጥኩት። ሲከፋኝ ከፍቼ ፊቴን እቀብርበት ነበር። ባለፈው ከፈትኩት። ሱፍ ብቻ ሆነብኝ። የዚያን ቀን አለቀስኩ፤ ከዚያ በኋላ ግን አላለቀስኩም፤ ጊዜም የለኝ።

ለማንም አልተናገርኩም። የወይኖቹን ጠባይ ለስምንት ዓመት ስለማውቃቸው በቃሌ መዘርዘር ጀመርኩ። ቀለሙን አያለሁ፣ የጠርሙሱን ወረቀት አነባለሁ፣ ከዚያ «እንጆሪ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ መጨረሻው ላይ ቆዳ ቆዳ ይላል» እላለሁ። እንግዶቹም አሽትተው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሰው «እንጆሪ አለበት» ካልሽው እንጆሪ ያገኛል። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። እንቅልፍ ግን ከዓይኔ ራቀ። ሌባ እንኳ ይህን ያህል አይሳቀቅም።

መጀመሪያ የነቃብኝ ሾፌራችን ነው። ዕድሜው ወደ ስልሳ የተጠጋ፣ ቆቡን ከራሱ የማያወርድ፣ የሚኒባሱን መስታወት በጋዜጣ ካልወለወለ የማይነሳ ሰው ነው። ስለማያወራና አንዲት ጠብታ አልኮል ስለማይቀምስ አስጎብኚዎቹ ሁሉ «ባሕታዊው» ብለን ነው የምንጠራው። አንድ ቀን ከኮረብታው ስንወርድ ፍሬኑ ግሎ ኖሮ እንግዶቹ ሁሉ «ምን ተቃጠለ? ምን ተቃጠለ?» ይላሉ፤ እኔ በማይክ ስለ አፈሩ ዓይነት ማብራራቴን ቀጥያለሁ። እሱ በመስታወቱ አየኝ። ሲመሽ መኪናውን ሲያቆም «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለኝ። ምኑን ብዬ ልክደው አሰብኩና ደከመኝ። ነገርኩት። ቆቡን ነካ አደረገና ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ የውኃ ጠርሙስ የተሞላውን ካርቶን ተሸክሞ የቅምሻው ክፍል ድረስ ገባ። ገብቶ አያውቅም ነበር፤ ሁልጊዜ ውጪ ነው የሚጠብቀን። ብርጭቆዬን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ለእኔ እንደሚያቀብለኝ ሆኖ አሸተተና «ደህና ነው» ብሎ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን በኋላ ልማድ ሆነ። ወይኑ ደህና ከሆነ ብርጭቆውን በቀኜ፣ የተበላሸ ከሆነ በግራዬ ያስቀምጠዋል። አንዳንዴ ጆሮዬ ላይ አንድ ቃል ጣል ያደርግልኛል፤ «ማር»፣ «ጭስ»፣ «ሎሚ ልጣጭ»። ደህና ዋልሽ ለማለት ቃል የሚያጥረው ሰው ለእኔ ሲል ስለ ሎሚ ልጣጭ ማውራት ጀመረ። ሁለት ጊዜ የተበላሸ ጠርሙስ ይዞልኛል። እኔም እፎይ አልኩ። እሱ ምን እየሆነ እንደሆነ ጠየቅኩት ወይ? አልጠየቅኩትም። ይህን ሳስበው አሁንም ፊቴን ያቃጥለኛል።

ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ሐሙስ ዕለት ነው ነገሩ የፈነዳው። እንግዶቹ አሥራ ሁለት ሲሆኑ ልነግርሽ የሚገባኝ ሦስቱን ነው። አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ፣ እናት የምትመስል፤ ባሏ ጣቶቹ ወፋፍራም የሆኑ አናጺ፤ ብቻውን የመጣ ባለ ከረቫት ሰውዬ ደግሞ ከወጣን ጀምሮ የምናገረውን ሁሉ ትንሽ ደብተር ላይ ይጽፋል። ባሕታዊው ያን ቀን ጠዋት ፊቱ ገርጥቷል። የመጀመሪያው እርሻ ላይ ብርጭቆዬን ሲያቀብለኝ ጠረጴዛው ላይ ትንሽ አፈሰሰ። «አሞሃል?» ስለው «እንቅልፍ ነው» አለኝ። አመንኩት፤ ማመኑ ቀለለኝ።

ሁለተኛው እርሻ ስንደርስ አልገባም። «ጎማ ልይ» ብሎ ቀረ። ሁለት ጊዜ በበሩ ወጥቼ በዓይኔ ጠራሁት፤ እንዳላየ ሆነ። ቀጂዋ ጠርሙሱን ከፍታ ለሁሉም ቀዳች። እንግዲህ ምን አደርጋለሁ? ብርጭቆዬን አነሳሁ፣ አዞርኩ፣ አፍንጫዬን አስገባሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ። «ይሄ የቤቱ ኩራት ነው» አልኩ። «የበሰለ እንጆሪ፣ ከኋላው ቁንዶ በርበሬ፣ ትንሽ ቆየት ስትሉ ደግሞ አዲስ ቆዳ ታገኛላችሁ።» ስጨርስ ማንም ራሱን አልነቀነቀም። ነርሷ አሸተተች፣ ባሏን አየችው፣ እንደገና አሸተተች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ላለማሳፈር እየተጠነቀቀች፣ «ልጄ፣ ምናልባት እኔ ስለማላውቅ ይሆናል፣ ለእኔ ግን እርጥብ ካርቶን ነው የሚሸተኝ» አለችኝ።

ቀጂዋ ብርጭቆ ነጥቃ አሸተተችና ፊቷ ደም መሰለ። ቡሹ አበላሽቶት ኖሯል። እንዲህ ያለው ወይን እንኳን አስጎብኚ፣ መንገደኛ ሰውም ያውቀዋል፤ የሻገተ ምድር ቤት ነው የሚሸተው። ጠርሙሱን ይዛ ወደ ጓዳ ሮጠች። ከኋላ አንዱ ሳቀ፣ ሌላው «እኔ እኮ ቆዳውን አግኝቼው ነበር» አለና ይበልጥ ሳቁ። ባለ ከረቫቱ አልሳቀም፤ ደብተሩ ላይ ጻፈ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። «ቀጂዋ ሌላ እስክታመጣ ግቢውን እዩ» ብዬ ወጣሁ።

ባሕታዊው ጎማ እያየ አልነበረም። ከግቢው ጥግ ያለው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብሎ እጁን ይታጠባል። ታጥቦ ይጨርስና እንደገና ሳሙናውን ያነሳል። ንዴቴን ሁሉ እሱ ላይ አወጣሁት። ዛሬ ጎማው ከእኔ እንዴት እንደበለጠበት፣ በሰው ፊት እንዴት እንዳዋረደኝ፣ ካልፈለገ ከመጀመሪያው ለምን እንደጀመረው፣ ያልተናገርኩት የለም። እሱ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ቧንቧውን ዘጋና በአንድ ዓመት ውስጥ ከሰማሁት የበለጠ ቃል በአንዴ ተናገረ።

«ካቆምኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው» አለኝ። «ሚስቴም ልጄም በመጠጥ ምክንያት ነው ጥለውኝ የሄዱት። ልጄ እሑድ እሑድ ቤቷ እንድመጣ የፈቀደችልኝ ከስድስት ዓመት ወዲህ ነው። ከአንቺ ጋር ማሽተት ከጀመርኩ ወዲህ ሽታው ከእጄ አይለቅም። ስነዳም አለ፣ ስበላም አለ። ትናንት ከሥራ ስወጣ ሱቅ ገብቼ ጠርሙስ አንስቼ ሰልፍ ይዤ ነበር። ከፊቴ ያለችው ሴት የረሳችው ነገር ነበርና ‹ቦታዬን ጠብቅልኝ› ብላኝ ወደ ውስጥ ተመለሰች። ቦታዋን ስጠብቅ ወደ ራሴ መጣሁ። ጠርሙሱን ማስቲካው አጠገብ አስቀምጬ ወጣሁ።»

ለምን እንዳልነገረኝ ጠየቅኩት። «መጀመሪያ ቀላል መስሎኝ ነበር» አለ። «ቀላል አለመሆኑ ሲገባኝ ደግሞ አንቺን መሃል መንገድ ላይ መጣል አሳፈረኝ።»

እትዬ፣ ምን ልበልሽ። ሰውዬው አንዲት ጠብታ እንደማይቀምስ አውቃለሁ። ስንት ዓመት አብሬው ስሠራ «ለምን አትጠጣም?» ብዬ ጠይቄው አላውቅም፤ ስም አውጥቼለት ስቄበታለሁ እንጂ። በየቀኑ ሦስት ጊዜ አፍንጫውን ብርጭቆ ውስጥ ሲያስገባ አጠገቡ ቆሜ እፎይ እል ነበር። መሀረቤን ሰጠሁት፣ እጁን አደረቀበት፤ ይኸው ነው። «ከዛሬ ጀምሮ አትግባ» አልኩትና ወደ እንግዶቼ ተመለስኩ።

ወደ ሦስተኛው እርሻ ስንሄድ ማይኩን አልከፈትኩም። እዚያ ደርሰን ብርጭቆው ሲቀዳ እንግዶቹ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ ያዩኛል። ድካም ነው ያናገረኝ እንጂ ድፍረት አይደለም። «ይቅርታ አድርጉልኝ» አልኳቸው። «ከሦስት ወር ወዲህ ሽታ የሚባል ነገር አላውቅም። ጠዋት የነገርኳችሁ ሁሉ የቃል ጥናት ነው። ስለ አፈሩ፣ ስለ ግንዱ፣ ወይኑ እንዴት እንደሚጠመቅ የምታምኑኝ ከሆነ እሱን በደንብ አውቃለሁ። ምን እንደሚሸት ግን ዛሬ እናንተ ንገሩኝ።»

ባለ ከረቫቱ «እኔ የከፈልኩት ለአፍንጫ ነው» አለ። እውነቱን ነው። ቀድሞ የተናገረው አናጺው ነው። ብርጭቆውን በወፍራም ጣቱ አቅፎ ብዙ አሸተተና «አዲስ የተላገ ሳንቃ ነው፤ ጠዋት ሱቄን ስከፍት የሚቀበለኝ ዓይነት» አለ። ከኋላ አንዱ «የለም፣ የሎሚ ሳሙና ነው» አለ፤ ሚስቱ ደግሞ «አንተ ምን ሳሙና ታውቃለህ፣ ዕቃ አጥበህ ታውቃለህ?» አለችውና ሁሉም ሳቁ። እኔም ብርጭቆ አጣቢ የነበርኩበትን ጊዜ፣ ሽማግሌው እንዴት እንደፈተነኝ ነገርኳቸው፤ ለእንግዳ ተናግሬው አላውቅም ነበር። ብዙ ጠየቁኝ። ነርሷ ስንወጣ ክንዴን ይዛ፣ እንደኔ የሆኑ ሕመምተኞች እንዳየች፣ ምግብ ባያሰኘኝም በሰዓቱ እንድበላ፣ ምድጃው አጠገብ የጭስ ማስጠንቀቂያ እንዳስገጥም መከረችኝ። ከሐኪሙ የተሻለ ነገር የነገረችኝ እሷ ናት። ስንመለስ ከባሕታዊው ጎን ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት አለቃዬ ቢሮ ገባሁ። ሁለት ስልክ ጆሮዋ ላይ የምታደርግ፣ ሻይዋ ሁልጊዜ የሚቀዘቅዝባት ሴት ናት። የባለ ከረቫቱ ደብዳቤ በኢሜይል ቀድሞኝ ደርሷል። ሁሉንም ነገርኳት፤ የባሕታዊውን ነገር ብቻ አስቀረሁ፤ የእኔ ገመና አይደለም። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «በመጀመሪያው ሳምንት ብትነግሪኝ ኖሮ መፍትሔ እፈልግልሽ ነበር። አሁን ግን የዋሸሽው ለእኔም ነው» አለችኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፈችብኝ፤ ከወይኑ ጉዞም አነሳችኝ። በእኔ ቦታ ሌላ አስጎብኚ ተቀጠረ። ሾፌሩ ግን ያው ባሕታዊው ይሆናል አለች፤ መንገዱን ከእሱ የበለጠ የሚያውቀው ስለሌለ። ወደ ባሕር ዳርቻው ጉዞ ብታዛውሪው ምናለ አልኳት። ለምን አለችኝ። ዝም አልኩ። ተጣልታችኋል እንዴ አለችኝ። አሁንም ዝም አልኩ። «እንግዲያው ባለበት ይቆይ» ብላ ስልኳን አነሳች።

መኪና ማቆሚያው ድረስ ሄጄ፣ ሞክሬ እንዳልሆነልኝ ነገርኩት። መስታወቱን መወልወሉን አላቆመም። በማግስቱ አለቃዬ ጠረጴዛ ፊት ቆሞ አገኘሁት። ቆቡን አውልቆ በእጁ ይዞታል፤ ራሱ መላጣ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅኩት። እኔ እዚያው እያለሁ ስለ መጠጡም፣ ስለ ብርጭቆውም፣ ስለ ሱቁም አንድ በአንድ ነገራት። «እዚያ መንገድ ላይ ከቆየሁ እጠጣለሁ» አላት። አለቃዬ ሁለቱንም ስልክ አስቀመጠች። ከዚያ መዝገቡን ስባ ስሙን ከአንድ ገጽ ሰርዛ ሌላ ገጽ ላይ ጻፈችው።

አሁን እሱ ጃንጥላና የዋና ልብስ የያዙ ቤተሰቦችን ወደ ባሕር ዳርቻ ይወስዳል። መኪናው ውስጥ አሸዋ በዛብኝ ብሎ ያማርራል፤ ማማረር መጀመሩ ራሱ ጥሩ ምልክት ነው። እስካሁን አልጠጣም። ባለፈው እሑድም ልጁ ዘንድ ሄዷል።

እኔ ደግሞ ከጀርባ ካለው መስኮት የሌለው ክፍል ተቀምጬ ስልክ እመልሳለሁ። «ሦስት ቦታ ይወስድዎታል፣ ምሳ አለው፣ ጫማዎ ተረከዝ ባይኖረው ይመረጣል» እያልኩ የራሴን ሥራ ለሌላ ሰው አሻሽጣለሁ። በሳምንት አራት ቀን ብቻ ነው የምሠራው። ሐኪሙ አፍንጫዬን እንዳለማምድበት አራት ትንንሽ የሽታ ጠርሙስ ሰጥቶኛል፤ ቅርንፉድ፣ ሎሚ፣ ጽጌረዳና ባሕር ዛፍ። ጠዋትና ማታ እያንዳንዳቸውን አሸትታለሁ። አንዳንዴ የሆነ ነገር ብልጭ ያለ ይመስለኛል፤ ሽታ ይሁን ምኞት መለየት አልቻልኩም። ደክሞኛል እትዬ። የእግር ድካም አይደለም፤ እሱን ለምጄዋለሁ። ሰውን ሁሉ ደህና ነኝ እያሉ ማሳመን ነው ያደከመኝ። ባለፈው እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ ተኛሁ። ስነሳ ማንም አልፈለገኝም፤ ምንም አልጎደለም። ደስ አለኝ።

ለትልቋ ልጅሽ ሰላምታዬን ንገሪልኝ፤ ውጤቷ ምንም ይሁን ምን እኔው ጋ እንድትደውል፣ አሁን ስልክ አነሳለሁ። መንትዮቹን በየተራ ሳሚልኝ፤ አንዱን ቀድመሽ ብትስሚ ሌላው እንደሚያኮርፍ አልረሳሁም። ጋሼን ስመጣ ስለሰጠኝ ሬዲዮ አመሰግናለሁ በይልኝ፤ አሁንም ይሠራል። ለእማዬ የነገርኩሽን መንገሩን ለአንቺ ትቼዋለሁ፤ ከነገርሻት ግን ሹራቡን አታንሺባት።

አንቺ ደግሞ እትዬ፣ ባለፉት ሦስት ደብዳቤዎችሽ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ ጀምረሽ «ሁላችንም ደህና ነን» ብለሽ ጨርሰሻል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ቤት አንድም ሰው አልከፋውም? ወገብሽንም ቢሆን የሰማሁት ከልጅሽ ነው። መልስ ስትጽፊልኝ የከበደሽን አስቀድሚ፤ ደህናውን ቦታ ከተረፈሽ መጨረሻ ላይ ትጽፊዋለሽ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ
ከልብስ ማጠቢያው ቤት በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14 ቀን